ከንጣፉ በፊት ውሃው፦ ስለ ኮምቦልቻ የእግረኛ መንገዶችና መናፈሻዎች

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ስለ እግረኛ መንገድ፣ ስለ መናፈሻና ስለ ቦርከና ወንዝ ዳር ልማት የሚነሣው ሐሳብ በኮምቦልቻ ከማዘጋጃ ቤት አልፎ የየሰፈሩ ወሬ ሆኗል። ደስ የሚል ነገር ነው። አዲሱ በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ስለሚጀምር የሚቀጥሉት ሳምንታት የሥራ ዝርዝርና የጨረታ ሰነድ የሚጻፍባቸው ናቸው፤ ሰነዱ አንዴ ከወጣ የንጣፍ ውፍረት ወይም የቦይ ስፋት ማስለወጥ ከባድ ነው። በከተማ ፕላን፣ በመንገድና በውሃ ምህንድስና፣ በደን ልማትም ሙያ የምንሠራ የከተማዋ ነዋሪዎች ይህን ደብዳቤ አሁን የምንጽፈው ለዚህ ነው።

የምንለው አንድ ነገር ነው፤ ቅደም ተከተሉ ይስተካከል። መጀመሪያ ውሃው የሚሄድበት ይታወቅ፣ ቀጥሎ ሰው የሚሄድበት ይሠመር፣ ከዚያ ጥላው ይተከል፤ ንጣፉ፣ አግዳሚ ወንበሩና ጌጡ በመጨረሻ ይምጣ። በብዙ ከተሞቻችን የሚሠራው በተገላቢጦሹ ነው። የንጣፉ ቀለም አስቀድሞ ይመረጣል፣ የውሃው ነገር የሚታሰበው ነሐሴ ላይ ነው። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንዲሉ፣ በአንዱ በጋ የተነጠፈው በሁለተኛው ክረምት ተነሥቶ እንደገና ይነጠፋል፤ ገንዘቡም ሁለቴ ይወጣል።

ኮምቦልቻ ደግሞ እንዲህ ያለውን ስሕተት የምትሸከም ከተማ አይደለችም። ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣ በዙሪያዋ ያሉት ተራሮች የሚያወርዱትን ሁሉ ትቀበላለች። ቦርከና ከደሴ ወርዶ በከተማዋ አልፎ ወደ አዋሽ ይጓዛል፤ ወርቃንና ለዮሌን የመሳሰሉ አነስተኛ ወንዞችም በፋብሪካዎችና በሰፈሮች መካከል አልፈው ይቀላቀሉታል። በበጋ ድንጋይ እየረገጡ የሚሻገሯቸው ወንዞች በሐምሌና በነሐሴ የአንድ ሰዓት ዝናብ ይሞላቸዋል። የሜዳው አፈር በብዙ ቦታ ጥቁር ዋልካ ነው። ዋልካ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በግንቦት ስንጥቁ እጅ ያስገባል። በዚህ ላይ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወጣው አውራ ጎዳናና በባቲ በኩል ወደ ሚሌ የሚወርደው መንገድ የሚገናኙት እዚሁ ነው። የእግረኛ መንገዱ በተቋረጠበት ቦታ ሁሉ እግረኛው የሚወርደው ከባድ ጭነት ከያዘ ሲኖትራክ ጎማ ጎን ነው።

ከእግረኛ መንገድ ስፋት እንጀምር። በመኖሪያ ሰፈር ቢያንስ 1.5 ሜትር፣ በገበያና በመናኸሪያ አካባቢ ከ2.5 እስከ 3 ሜትር ያስፈልጋል። ይህ ልክ ነጻ ስፋት ነው፤ ማለትም የመብራት ፖሉ፣ ዛፉ፣ የማስታወቂያ ሰሌዳው፣ የሱቁ ደረጃና የጀበና ቡናው በርጩማ የሚይዙት ቦታ ተቀንሶ የሚቀረው ነው። በሥዕል ላይ 2.5 ሜትር የተባለ መንገድ ሜትር ተይዞ መሬት ላይ ሲለካ 90 ሴንቲ ሜትር የሚሆነው ይህ ስለሚዘነጋ ነው። ስለዚህ የእግረኛው ቦታ ገና ሲነደፍ በሦስት ጭረት ይከፈል። ከአስፋልቱ ጎን ከ1 እስከ 1.2 ሜትር ለዛፍ፣ ለፖልና ለቆሻሻ ማጠራቀሚያ፤ መሀሉ ምንም ነገር ለማይቆምበት መሄጃ፤ ከሱቁ ጎን 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ለደረጃና ለበር። ቦታ ካነሰ የመኪናው መስመር ይቀነስ። በውስጥ መንገዶች 3.5 ሜትር የተሠመረው መስመር 3 ሜትር ቢሆን መኪናው ቀዝቀዝ ብሎ ይሄዳል፣ ሌላ ጉዳት የለውም።

ጉልት ቸርቻሪዎችንም ከመጀመሪያው በፕላኑ ውስጥ ማስገባት ያሻል። ደንብ አስከባሪ ሲመጣ ይነሣሉ፣ ሲሄድ ይመለሳሉ፤ ገዢው የሚያልፈው እዚያ ነውና ወዴት ይሂዱ? በዛፍ ጭረቱ ላይ፣ ከመስቀለኛ መንገድ 10 ሜትር ራቅ ብሎ፣ 1.5 ሜትር በ1 ሜትር የሆኑ ቦታዎች በቀለም ተሠምረው ቢሰጧቸው መሄጃው ነጻ ይሆናል፣ እነሱም ሥራቸውን ይሠራሉ።

ብዙ ችግር የሚጀምረው ግን ከቦይ ክዳን ነው። የእግረኛ መንገዳችን በአብዛኛው የጎርፍ ቦይ ላይ የተከደነ አርማታ ነው። 1 ሜትር በ80 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ 12 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ክዳን 240 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ይህን ሁለት የጽዳት ሠራተኞች በዲጂኖ አንሥተው መልሰው ሊያስቀምጡት አይችሉም። ስለዚህ ቦዩ ሲደፈን ክዳኑ በመዶሻ ይሰበራል፤ የተሰበረው ሳይተካ ይቀራል፤ ሰው እንዳይገባበት ያሳሰበው አላፊ አግዳሚ ቀዳዳው ውስጥ የዛፍ ቅርንጫፍ ይተክልበታል ወይም አሮጌ ጎማ ያስቀምጥበታል። ማታ መብራት ሲጠፋ ቅርንጫፉም አይታይም። ማንሻ ተብሎ ከአርማታው ላይ ብቅ ብሎ የሚቀረው ፌሮ ደግሞ እግር ያደናቅፋል፣ ብዙም ሳይቆይ ተቆርጦ ለቁራሌው ይሸጣል።

መፍትሔው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የክዳኑ ርዝመት ከ1 ሜትር ወደ 40 ሴንቲ ሜትር ይቀነስ፤ ክብደቱ ወደ 96 ኪሎ ስለሚወርድ ሁለት ሰው በማንሻ ብረት ያነሣዋል። በሁለቱ ዳር 3 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳ ይተውለት፤ የማንሻ ብረቱ በጽዳት ሠራተኞች እጅ ይሁን። 60 ሴንቲ ሜትር ውስጣዊ ስፋት ላለው ቦይ በሁለቱም ወገን 10 ሴንቲ ሜትር መደገፊያ ይኑር። 12 ሚሊ ሜትር ፌሮ በ15 ሴንቲ ሜትር ርቀት ከክዳኑ በታችኛው በኩል፣ 3 ሴንቲ ሜትር የአርማታ ልባስ ይዞ ይቀመጥ። ክዳን ሲሸከም የሚለጠጠው ሆዱ ስለሆነ፣ ፌሮው ወደ ላይ ዞሮ የተቀመጠ ክዳን ፌሮ እንደሌለው ይሰበራል። ይህ ስሕተት ሁልጊዜ የሚደርስ ነውና በሚመረትበት ቦታ እያንዳንዱ ክዳን ላይ አርማታው ሳይደርቅ «ላይ» ተብሎ ይጻፍ። ፍርግርግ በሚያስፈልግበት ቦታ ክፍተቱ ከ13 ሚሊ ሜትር አይብለጥ፣ አቅጣጫውም ለመሄጃው አግድም ይሁን። ከዚያ ከሰፋ የዊልቸር የፊት ጎማና የዓይነ ስውር በትር ይገባበታል።

ከንጣፉ በታች ያለው ሥራ ዓይን ስለማያየው በቀላሉ ይዘለላል። በዋልካ ላይ አሸዋ በትኖ ንጣፍ መደርደር ማለት በመጀመሪያው ክረምት እንዲነሣ መደርደር ማለት ነው። ዋልካው ቢያንስ 50 ሴንቲ ሜትር ተቆፍሮ ይውጣ፤ በምትኩ ሰለክት (የተመረጠ ጠጠራማ አፈር) ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር በሆነ ንብብር፣ እያንዳንዱ ንብብር ውሃ እየጠጣ ይጠቅጠቅ። ከዚያ 3 ሴንቲ ሜትር አሸዋ፣ ከዚያ 6 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የሲሚንቶ ንጣፍ፤ መኪና በሚገባበት የግቢ በር ላይ 8 ሴንቲ ሜትር። መጋጠሚያው በደረቅ አሸዋ ይሞላ፤ ዳርና ዳሩ በከርብስቶን (በጠርዝ ድንጋይ) ይያዝ፤ ካልተያዘ ንጣፉ ወደ ጎን እየሸሸ ይበተናል። 2 ሜትር ስፋት ላለው 100 ሜትር መንገድ 20 በ10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ንጣፍ 10,000 ያህል፣ አሸዋ ከ6 ሜትር ኩብ በላይ፣ ሰለክት ተጠቅጥቆ 100 ሜትር ኩብ ይፈጃል። ሰለክቱ ሳይጠቀጠቅ ወደ 130 ሜትር ኩብ ስለሚሆን 16 ሜትር ኩብ በሚጭን ሲኖትራክ ስምንት ምልልስ ነው። ይህ ስምንት ምልልስ በጨረታ ሰነዱ ላይ በቁጥር ካልተጻፈ አይመጣም፤ ተቋራጩም ያልተከፈለበትን ባለማምጣቱ ሊወቀስ አይችልም።

ንጣፉን በሲሚንቶ ሞርታር ማጣበቅ ጠንካራ ይመስላል፤ ለእኛ መሬት ግን አይሆንም። ዋልካው ከሥር ሲንቀሳቀስ ይሰነጠቃል፤ የውሃ ወይም የቴሌ መስመር ለመዘርጋት ሲቆፈርም ተሰባብሮ ይወጣል እንጂ አይመለስም። በአሸዋ ላይ የተነጠፈው ግን ተነሥቶ ያው ንጣፍ መልሶ ይቀመጣል። ቁፋሮውን ራሱ ለመቀነስ በየ50 ሜትሩ 110 ሚሊ ሜትር ባዶ የፕላስቲክ ቱቦ መንገዱን አቋርጦ ይቀበር፤ የወደፊቱ ገመድ በዚያ ያልፋል። ስለ ሴራሚክና ስለ ተወለወለ ቴራዞ ብዙ አንልም። የበጋ አቧራ ላይ የበልግ ካፊያ ሲያርፍ ሳሙና ይሆናል፤ ከቤት ውጭ አይነጠፍ።

መንገዱ ወደ ቦዩ 2 በመቶ ያዘንብል፤ በ2 ሜትር ስፋት 4 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ 3 ሜትር ስፋትና 100 ሜትር ርዝመት ባለው መንገድ ላይ ሲወርድ 9,000 ሊትር ውሃ ይሆናል፤ የሱቆቹ ጣሪያ የሚያፈስሰው ሳይቆጠር። የጣሪያው አሸንዳ ከመሄጃው በላይ እንዳይፈስ ከንጣፉ በታች በቱቦ ወደ ቦዩ ይግባ። በከርብስቶኑም ላይ በየ20 ሜትሩ ውሃ መግቢያ ይተው፤ በሥዕል ላይ ኖሮ በግንባታ የሚረሳ ነገር ነው።

መሻገሪያ ላይ ያለው ከርብስቶን ከፍታ 15 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ በዊልቸር ያለ ሰው ሳይገፋ የሚወጣው ተዳፋት 1 ለ12 ነውና 1.8 ሜትር ርዝመት ያስፈልገዋል። መንገዱ 1.5 ሜትር ብቻ ሲሆን ይህ አይገባም፤ ያኔ ማዕዘኑ ላይ መንገዱ በሙሉ ዝቅ ይላል። በግቢ በር ላይ የሚደረገው ደግሞ በተቃራኒው ነው። ባለቤቱ መኪናው እንዲገባለት መንገዱን ቆርጦ ይጥለዋል፤ እግረኛው በየ15 ሜትሩ ይወርዳል ይወጣል፤ ለአረጋውያን ይህ ደረጃ መውጣት ነው። መሄጃው ሳይቆረጥ ይቀጥል፣ መኪናው የሚወጣበት ተዳፋት በዛፍ ጭረቱ ስፋት ውስጥ ይለቅ። በእግርና በበትር የሚዳሰሰው ቢጫ ንጣፍ የተሠራው ለዓይነ ስውራን ነው፤ መብራት ፖል ላይ ወይም የተሰበረ ክዳን ላይ የሚያደርስ መስመር ጭራሽ መስመር ካለመኖሩ ይከፋል። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች፤ ስለዚህ ይህን ስንጠይቅ ውለታ አንጠይቅም።

ወደ ዛፉ እንለፍ። ከአረንጓዴ አሻራ ጀምሮ ችግኝ መትከል ልማድ ሆኗል፤ ማጽደቁ ገና ልማድ አልሆነም። ለመንገድ ዳር ዛፍ ጉድጓዱ በግንቦት ይቆፈር፣ በትንሹ 80 ሴንቲ ሜትር በ80፣ ጥልቀቱም እንዲሁ። በንጣፍ የተከበበ ከሆነ 1 ሜትር ኩብ አፈር ይፈልጋል። ከላይ የወጣው ለም አፈርና ከታች የወጣው ለየብቻ ይቀመጥ፤ ሲመለስ ለሙ ከሥሩ ዙሪያ ከበሰበሰ ፍግ ጋር ይግባ። በዋልካ የተቆፈረ ጉድጓድ ውሃ ይዞ ሥሩን ያበሰብሳል፤ ከሥር 20 ሴንቲ ሜትር ጠጠር ተደርጎ ወደ ቦዩ ማንጠፍጠፊያ ይበጅለት። ተከላው ዝናቡ መሬቱን ካራሰው በኋላ፣ ከሐምሌ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ይሁን።

በተከላ ቀን አንድ ሰው ተመድቦ ሊያየው የሚገባ ትንሽ ነገር አለ፤ ችግኙ የመጣበት ጥቁር ፕላስቲክ። ችኮላ ባለበት ሁሉ ፕላስቲኩ ሳይወልቅ ይቀበራል። ችግኙ በክረምቱ ዝናብ ለምልሞ ይታያል፣ ፎቶም ይነሣል። ሥሩ ግን ከፕላስቲኩ መውጣት አቅቶት በራሱ ዙሪያ ይጠመጠማል፤ ጥር ላይ ቅጠሉ ከጫፉ ጀምሮ ይነዳል። ቆፍሮ ላየው ሥሩ እንደ ተቋጠረ ገመድ ሆኖ ይገኛል። ፕላስቲኩ በምላጭ ከላይ እስከ ታች ይቀደድ፣ የተጠመጠመ ሥር ካለ ይቆረጥ፣ ባዶው ፕላስቲክ ይቆጠር። 500 ችግኝ የተከለ 500 ፕላስቲክ ማስረከብ አለበት።

ውሃውንም በቁጥር እንየው። ከመስከረም መጨረሻ እስከ የካቲት ባሉት 20 ሳምንታት አንድ ችግኝ በሳምንት ሁለት ጊዜ 20 ሊትር ቢጠጣ 800 ሊትር ነው። ለ500 ችግኝ 400,000 ሊትር ይሆናል፤ 10,000 ሊትር በሚይዝ ቦቴ 40 ምልልስ። በልግ ካሳሳ ይጨምራል። ይህ ቢያንስ ለሁለት ዓመት በጀት ካልተያዘለት 100 ተክሎ 100ውን ማጽደቅ ይሻላል።

የትኛው ዛፍ የት እንደሚተከልም ይለያል። ዋንዛ፣ ብሳናና ወይራ ለዚህ ከፍታ የሚስማሙ የአገር ዛፎች ናቸው፤ ጃካራንዳም ቆይቶ ጥላ ይሰጣል። መካከላቸው ከ7 እስከ 8 ሜትር ይሁን፤ ከመስቀለኛ መንገድ 10 ሜትር ይራቁ፣ አሽከርካሪው እግረኛውን ማየት አለበት። ዋርካና ሾላ በጠባብ መንገድ ዳር አይተከሉ፤ ሥራቸው ቦይ ይሰብራል። ቦታቸው ሰፊ መናፈሻ ነው። በወሎ ሽምግልናውም ዱዓውም ከዋርካ ሥር ሲደረግ የኖረ ነውና፣ በየመናፈሻው አንድ ዋርካ 20 ሜትር ባዶ ቦታ በዙሪያው ተትቶለት ቢተከል የልጅ ልጆቻችን አዳራሽ ይሆናል። ባሕር ዛፍ ግን ከቦይም ከወንዝ ዳርም ይራቅ።

ቦርከና ዳር የሚሠራው አረንጓዴ መንገድ ለከተማዋ ትልቁ ዕድል ነው፤ ትልቁ ኪሳራ ሊሆንም ይችላል። ወንዝ አልጋውን በየዘመኑ ይቀያይራል፣ የለቀቀውንም አይረሳም። ስለዚህ ዲዛይኑ ከመጀመሩ በፊት ባለሙያዎች በወንዙ ዳር ከሚኖሩ አረጋውያን ጋር ሄደው ጎርፉ የደረሰበትን ከፍተኛ ቦታ ይጠይቁ፤ በድንጋይና በግንብ ላይ በቀለም ምልክት ያድርጉ፤ የምልክቶቹን ከፍታ በመሣሪያ ለክተው ያገናኙት። የወንዙ ውሃ መለኪያ ጣቢያ መዝገብ ካለ ከዚሁ ጋር ይመሳከር።

ከዚያ የወንዙ ዳር በሦስት እርከን ይከፈል። ታችኛው፣ በየዓመቱ ጎርፍ የሚነካው፣ ለሣር፣ ለአኻያና አፈር ለሚይዘው የቬቲቨር ሣር ብቻ ይተው፤ ምንም ግንብ አይቁምበት። መካከለኛው፣ በየጥቂት ዓመቱ አልፎ አልፎ ውሃ የሚወጣበት፣ ለመሄጃው መንገድና ለኳስ ሜዳ ይሁን፤ ሜዳ ሁለት ቀን ቢጠልቅ ይደርቃል። መጸዳጃ ቤት፣ የሕፃናት መጫወቻ፣ የመብራት መቆጣጠሪያና ሻይ ቤት በላይኛው እርከን ብቻ ይሠሩ። ገንዘብ የሚባክነው ይህ ሲገለበጥ ነው፤ ወንዙን ለማየት ያምራል ተብሎ መቀመጫውና ካፌው ከውሃው ጫፍ ይደረጋል፣ በመጀመሪያው ትልቅ ጎርፍ ደለል ይውጠዋል።

ዳሩን ለመያዝ ጋቢዮን (ድንጋይ የተሞላ የሽቦ ሳጥን) የመጀመሪያ ምርጫ አይሁን። ወንዙ በሚታጠፍበትና በሚመታበት በኩል ያስፈልጋል፤ በቀረው ግን አኻያ ይበቃል። አውራ ጣት የሚያህል ውፍረት ያለው፣ ከ60 እስከ 80 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ቅርንጫፍ በሰኔ ተቆርጦ ሁለት ሦስተኛው መሬት ውስጥ ይገባል፤ ሥር ያወጣና ዳሩን ይሰፋዋል። ከላዩ ቬቲቨር በ15 ሴንቲ ሜትር ርቀት በመስመር ይተከላል። ጋቢዮን በሚሠራበት ቦታ መሠረቱ ጎርፉ ከሚቦረቡረው ጥልቀት በታች ይውረድ፤ ከጀርባው ውሃ አሳልፎ አፈር የሚያስቀር ጂኦቴክስታይል ጨርቅ ይነጠፍ። ጨርቁ ከሌለ ከኋላ ያለው አፈር በድንጋዩ መካከል ታጥቦ ይወጣል፤ ሽቦው ቆሞ ከጀርባው ዋሻ ይሆናል። ድንጋዩ ከሽቦው ዓይን የሚበልጥ ሆኖ፣ ከ15 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር፣ በእጅ ይደርደር። ከፊት ትልልቁን አሳይቶ መሀሉን በጠጠር መሙላት የተለመደ ብልሃት ነውና ተቆጣጣሪው ሳጥኑ ሳይዘጋ ይይ።

መሄጃው 3 ሜትር ቢሆን እግረኛና ብስክሌት ይተላለፉበታል። ባዶ የተተወ መሬት እንዳይኖር፤ ቅንጨ አረም አካባቢያችንን ያውቀዋል፣ የተቆፈረና ያልተሸፈነ መሬት ላይ በአንድ ክረምት ይወርራል፣ ቆዳ ያሳክካል፣ ለመተንፈስም ያስቸግራል። ከአበባው በፊት በጓንት ይነቀል፣ ሣር ወዲያው ይተካበት። ሌላው ማሳሰቢያ ስለ ፏፏቴና ስለ ኩሬ ነው። ከተማችን ከ2,000 ሜትር በታች በመሆኗ ወባ አላት፤ ፓምፑ የቆመ ኩሬ የትንኝ መፈልፈያ ነው። ከሁሉም በላይ ግን የፍሳሹ ጉዳይ ከመናፈሻው መቅደም አለበት። ከፋብሪካ፣ ከመኪና ማጠቢያና ከመኖሪያ ቤት ወደ ወርቃ፣ ወደ ለዮሌና ወደ ቦርከና የሚገባው እያንዳንዱ ቱቦ ቁጥር ተሰጥቶት በካርታ ላይ ይመዝገብ። ልጆች ወንዝ ዳር ካመጣናቸው ውሃውን መንካታቸው አይቀርም። በወንዙ ዳር አትክልት የሚያለሙ ቤተሰቦችም ካሳቸውና ምትክ ቦታቸው ሳይታወቅ ችካል አይመታባቸው፤ የአትክልት ማሳ ራሱ የአረንጓዴው መንገድ አካል ሆኖ ሊቀጥል ይችላል።

ስለ ሰፈር መጫወቻዎች አጠር እናድርግ። የፌዴራሉ የከተማ አረንጓዴ ልማት ስታንዳርድ ከከተማ መሬት 30 በመቶው ለአረንጓዴና ክፍት ቦታ፣ 30 በመቶው ለመንገድና ለመሠረተ ልማት፣ 40 በመቶው ለግንባታ እንዲሆን ይላል። ገደላገደሉና የተራራው ተዳፋት ሲደመር 30 በመቶው በካርታ ላይ ይሞላል፤ እናት ልጇን ይዛ በእግሯ የምትደርስበት ቦታ ግን ላይኖር ይችላል። መለኪያው ከቤት እስከ መጫወቻ 400 ሜትር ይሁን። 400 ሜትር ራዲየስ ያለው ክብ 50 ሄክታር ያህል ይሸፍናል፤ ሆኖም በመሀሉ ወንዝ ወይም አውራ ጎዳና ካለ ክቡ ይሰበራልና ርቀቱ በሚረገጠው መንገድ ይለካ። ከ500 እስከ 1,000 ካሬ ሜትር የሆነ ቦታ ለአንድ ሰፈር ልጆች በቂ ነው። የቮሊቦል ሜዳ 9 በ18 ሜትር ሆኖ በየዳሩ 3 ሜትር ሲጨመር 15 በ24 ይሆናል፤ ርዝመቱ ሰሜን ደቡብ ይዙር፣ ጠዋትና ማታ ፀሐይ በተጫዋቹ ዓይን አትግባ። ከዥዋዥዌና ከሸርተቴ ሥር 30 ሴንቲ ሜትር አሸዋ እንጂ ሲሚንቶ አይሁን። የብረት ሸርተቴ በኮምቦልቻ የቀትር ፀሐይ የልጅ እግር ያቃጥላል፤ ዛፍ ከሌለ አይቁም። አጥሩ ከ1.2 ሜትር አይብለጥ፣ ቁጥቋጦው ከጉልበት በላይ አይደግ፣ የዛፉ ቅርንጫፍ ከ2.2 ሜትር በታች ይከርከም፤ ሴቶች ውስጡን ከውጭ ማየት ካልቻሉ ማታ አይገቡም። የትምህርት ቤት ሜዳዎችም ቅዳሜና እሑድ በጥበቃ ቢከፈቱ መሬት ሳይገዛ መጫወቻ ይገኛል።

የሥራው ዕድሜ የሚወሰነው በጥገናው ነው። ለእያንዳንዱ መናፈሻ ከግንባታው ውል ጋር የጥገና ዝርዝር ይጻፍ፦ ቦይ ከሰኔ 15 በፊት ይጠረግ፣ በክረምት በየሁለት ሳምንቱ ይታይ፤ ትርፍ ክዳንና ትርፍ ንጣፍ ከጠቅላላው 5 በመቶ ያህል መጋዘን ይቀመጥ፣ ያን ቀለም ከሦስት ዓመት በኋላ ገበያ ላይ ማግኘት አይቻልምና። የፀሐይ መብራት ባትሪ በጥቂት ዓመታት ይደክማል፣ መተኪያው ከአሁኑ በጀት ይያዝለት። ካፌ ከተከራየ ከመናፈሻው ስፋት 5 በመቶ አይለፍ፣ ኪራዩም ለዚያው መናፈሻ ጥበቃና ውሃ ይዋል። የመጨረሻው ርክክብ ደግሞ በደረቅ ጥር አይደረግ። ከተቋራጩ ክፍያ የተያዘው የዋስትና ገንዘብ ከመለቀቁ በፊት ተቋራጩ፣ ተቆጣጣሪውና የቀበሌው ተወካይ በነሐሴ ዝናብ እየዘነበ መንገዱን አብረው ይሂዱበት። ውሃ የቆመበት ቦታ ሁሉ በኖራ ይከበብ፣ በዝርዝር ይጻፍ፣ ይስተካከል።

የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 የሕዝብ ተሳትፎን ይጠይቃል። በአዳራሽ ውስጥ በፕሮጀክተር የሚታይ ያማረ ሥዕል ለዚህ አይበቃም። የየሰፈሩ የአካባቢ ልማት ፕላን በ1 ለ2,000 ስኬል ታትሞ በቀበሌ ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ቢያንስ 30 ቀን ይለጠፍ፤ ቦዩ በሰማያዊ፣ መሄጃው በቀይ፣ ዛፉ በአረንጓዴ ይሠመር፤ አጠገቡ እርሳስ ይንጠልጠል። ዊልቸር የሚጠቀሙ፣ ሸቀጥ የሚሸከሙ፣ ልጅ የሚያዝሉ ሰዎች የሚያውቁትን ይጻፉበት። እኛም ሰለክቱን፣ ክዳኑንና የውሃውን ስሌት በነጻ ለመገምገም፣ የመጀመሪያው የሐምሌ ዝናብ ሲወርድ ደግሞ ሜትርና ኖራ ይዘን ከከተማ አስተዳደሩ ባለሙያዎች ጋር ከመናኸሪያው እስከ ቦርከና ለመሄድ ዝግጁ ነን።

ከአክብሮት ጋር፣
በከተማ ፕላን፣ በምህንድስናና በደን ልማት ሙያ የተሰማራን ነዋሪዎች
ኮምቦልቻ